ሁለተኛው ገመድ፦ ስለ ጥንቃቄና ስለ እምነት

በፈጣሪው የሚታመን ሰው ሕይወቱን የሚሸከምለትን ገመድ አገላብጦ መመርመሩ የእምነት ጉድለት ነው ወይስ የእምነት ክፍል የሚለው ጥያቄ፣ ከሩቅ ሲታይ የመምህራን ክርክር ብቻ ይምሰል እንጂ፣ ከመሬት ከፍ ብሎ ክብደቱን በማሰሪያ ላይ ለሚጥል ሰው ሁሉ የዘወትር ጥያቄ ነው። በከፋና በሸካ ደኖች ረጃጅም ዛፎች ላይ ቀፎ የሚሰቅለው ንብ አርቢ፣ በደብረ ዳሞ አምባ ግርጌ የሚቆመው ተሳላሚ፣ በሰሜን አሜሪካ ደኖችም አጋዘን ለማደን ዛፍ ላይ የሚወጣው አዳኝ፣ ዓላማቸው የተለያየ ቢሆንም በዚህ ጥያቄ ፊት እኩል ይቆማሉ። ከሦስቱ የአዳኙ ጉዳይ ለብቻው ሊመረመር የሚገባው፣ የሚያደርገው ነገር ሁሉ ተራ ልማድ ስለሚመስልና ጥያቄውም በልማዱ ውስጥ ተሸሽጎ ስለሚቀር ነው።

በአሜሪካ ብዙ አጋዘን አዳኞች የሚጠቀሙበት ዘዴ ከዛፍ ግንድ ጋር በታሰረ ማማ ላይ ተቀምጦ መጠበቅ ነው፤ ማማው የአገራችን ገበሬ ሰብሉን ከወፍና ከዝንጀሮ ከሚጠብቅበት ማማ ጋር በሐሳብ አንድ ሲሆን፣ በአሠራሩ ግን ከብረት ተበጅቶ በናይለን ማሰሪያ ከግንዱ ጋር የሚታሰር ጠባብ መቀመጫ ነው። አዳኙ ራሱ በትከሻው፣ በደረቱና በጭኖቹ ዙሪያ የሚያልፍ መታጠቂያ ይታጠቃል፤ ከመታጠቂያው ጀርባ የሚወጣው አጭር ማሰሪያም ከግንዱ ጋር ያገናኘዋል። ቀደም ሲል ወገብን ወይም ደረትን ብቻ የሚይዝ ቀበቶ የተለመደ ነበር፤ ነገር ግን እንዲህ ያለው ቀበቶ የወደቀውን ሰው አንጠልጥሎ ሲያስቀር ትንፋሹን ሊያፍነው እንደሚችል ስለታወቀ እንዲተው ተመክሯል። ሙሉ መታጠቂያ የታጠቀም ቢሆን ሳይንቀሳቀስ ረዘም ላለ ጊዜ ከተንጠለጠለ ደም በእግሮቹ ውስጥ ስለሚጠራቀም አደጋ ላይ ይወድቃል፤ በዚህ ምክንያት እግሩን አሳርፎ የሚቆምበት ተጨማሪ ማሰሪያ ሊይዝ ይገባዋል። ብዙ ሰው የሚወድቀው ማማው ላይ ተቀምጦ ሳለ ሳይሆን ሲወጣ፣ ሲወርድ ወይም ከመሰላሉ ወደ ማማው ሲሻገር በመሆኑ፣ ጠንቃቃ አዳኝ ከመሬት ሳይነሣ ከማማው በላይ ከታሰረ ገመድ ጋር ይያያዛል። የሚያያዘው ፕሩሲክ በሚባል ቋጠሮ ነው፤ ቋጠሮው በእጅ ሲገፉት ይንሸራተታል፣ ክብደት ሲወርድበት ግን ገመዱን ነክሶ ይቀራል፤ ስሙንም ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1931 አሠራሩን ካሳተመው ከኦስትሪያዊው ተራራ ወጪ ከካርል ፕሩሲክ ነው።

ይህ ሁሉ መሣሪያ ግን ካልተመረመረ ከንቱ ነው። ዓመቱን ሙሉ ዛፍ ላይ የከረመ ማሰሪያ በፀሐይ ይደክማል፣ አይጥ ያኝከዋል፣ ግንዱም እያደገና እየወፈረ ሲሄድ ከመጠን በላይ ይወጥረዋል፤ ብሎኑ ደግሞ ከውስጥ ይዝጋል። መርማሪው ማሰሪያውን በሁለት እጁ ይዞ ወደ ላይ ጎበጥ ያደርገዋል፤ ተዘርግቶ ሳለ ጤነኛ የሚመስለው ናይለን በዚህ ጊዜ የተበጠሱ ክሮቹን ያወጣል። ከዚያ ስፌቱን በጣቱ ይዳስሳል፣ ዘለበቱን ቆልፎ ይጎትታል፣ መታጠቂያው ላይ የተጻፈውን የአገልግሎት ጊዜ ያነባል። ሥራው ረጅም ጊዜ አይጠይቅም፤ ሆኖም በብዛት የሚዘለለው ይኸው ሥራ ነው።

ለምን እንደሚዘለል ሲጠየቅ የሚሰጠው መልስ ስንፍናን አይጠቅስም። “አምና ይዞኛል፣ ዘንድሮም ይይዘኛል” ይባላል፤ ሃይማኖተኛ የሆነው ደግሞ “እግዚአብሔር ያውቃል” ይላል። እንግሊዛዊው የሒሳብ ሊቅና ፈላስፋ ዊልያም ክሊፎርድ እ.ኤ.አ. በ1877 በጻፈው ድርሰት ይህንኑ አስተሳሰብ በአንድ የመርከብ ባለቤት ምሳሌ መርምሮታል። ባለቤቱ መርከቡ ማርጀቱንና ጥገና እንደሚያስፈልገው ይጠረጥራል፤ ነገር ግን ከዚህ በፊት ስንት ማዕበል እንዳለፈ በማሰብና በመርከቡ የሚሳፈሩትን ስደተኛ ቤተሰቦች ለፈጣሪ ጥበቃ በመተው ጥርጣሬውን አፍኖ ይልከዋል፤ መርከቡም ይሰጥማል። የክሊፎርድ ፍርድ የሚከብደው ቀጥሎ ባለው ነጥብ ላይ ነው፤ መርከቡ በሰላም ቢደርስ ኖሮም የባለቤቱ ጥፋት አይቀንስም ነበር ይላል፤ ጥፋቱ ሳይመረምር ማመኑ እንጂ የደረሰው ውጤት አይደለምና። በዚህ ሚዛን በሳሳ ማሰሪያ ወጥቶ በደኅና የወረደው አዳኝ ከወደቀው ወንድሙ የተሻለ ሰው አይደለም፤ ልዩነታቸው የዕድል ብቻ ነው።

አሜሪካዊው ፈላስፋ ዊልያም ጄምስ እ.ኤ.አ. በ1896 ባቀረበው ድርሰት ክሊፎርድን አጥብቆ ተቃውሟል፤ በሌላ ጽሑፉም ተራራ ላይ መውጫ አጥቶ አስፈሪ ዝላይ ከመዝለል በቀር ምርጫ የሌለውን ሰው ምሳሌ አድርጎ፣ እንዲህ ላለው ሰው መጠራጠር ራሱ የሚጥለው፣ ማመን ደግሞ የሚያሻግረው ኃይል መሆኑን አስረድቷል። ሁለቱ አሳቢዎች የማይታረቁ ይመስላሉ፤ ነገር ግን የመርከቡ ባለቤት ገና ወደብ ላይ መሆኑን፣ የጄምስ ተራራ ወጪ ግን ገደሉ አፋፍ ላይ መሆኑን ያስተዋለ አንባቢ ክርክሩ የጊዜና የቦታ እንደሆነ ይረዳል። ጥርጣሬ ቦታው መሬት ላይ ነው፤ እዚያ ማሰሪያውን፣ ስፌቱን፣ ዘለበቱን፣ ከሁሉም በላይ የራስን ልማድ መጠራጠር ግዴታ ነው። እምነት ደግሞ ክብደት በገመዱ ላይ ከወደቀበት ጊዜ ጀምሮ ያስፈልጋል፤ ከላይ ሆኖ የሚንቀጠቀጥ እጅ ለማንም አይጠቅምምና። መሬት ላይ መጠራጠር የነበረበት ሰው ጥርጣሬውን በሃይማኖት ስም ሲያፍን የታመነው በእግዚአብሔር ሳይሆን በአምናው ዕድል ነው።

ቅዱሳት መጻሕፍትም ይህንን ቅደም ተከተል ይጠብቃሉ። በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 4 ፈታኙ ክርስቶስን ከቤተ መቅደስ ጫፍ ራሱን እንዲጥል ሲጠይቀው የጠቀሰው የመላእክትን ጥበቃ የሚናገር እውነተኛ የመዝሙር ቃል ነበር፤ የተሰጠው መልስ ግን አምላክን መፈታተን እንደማይገባ የሚናገረው የኦሪት ትእዛዝ ነው። ከዚህም ይበልጥ የሚያስተምረው የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 27 ነው። ጳውሎስ በመርከቡ ውስጥ ካሉት 276 ሰዎች አንድም ነፍስ እንደማይጠፋ ከመልአኩ ሰምቷል፤ ሆኖም መርከበኞቹ በትንሿ ጀልባ ሊሸሹ ሲሉ፣ እነርሱ ከሄዱ ማንም እንደማይተርፍ ለመቶ አለቃው ይነግረዋል፤ ወታደሮቹም የጀልባዋን ገመድ ይቆርጣሉ። ተስፋው የተረጋገጠ ሆኖ ሳለ መርከብ መንዳት የሚችለው ሰው አላስፈላጊ አልሆነም፤ እግዚአብሔር የሰጠው ተስፋ የሚፈጸመው በባለሙያው እጅ በኩል ነበርና። በእስልምናም ተወኩል፣ ማለትም በአላህ ላይ መመካት፣ ምክንያትን መተው ማለት አይደለም፤ ቲርሚዚ በዘገቡት ሐዲስ ነቢዩ ሙሐመድ ግመሉን ሳያስር በአላህ መመካት ይችል እንደሆነ ለጠየቃቸው ሰው አስሮ እንዲመካ መልሰውለታል፤ ኢማም አል-ገዛሊም እጁን ወደ ምግብ ሳይዘረጋ ለመጥገብ የሚጠብቅን ሰው ከተመኪዎች አልቆጠሩትም።

በትግራይ የሚገኘው ደብረ ዳሞ ይህን ትምህርት በተግባር ያሳያል። በ6ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ከመጡት ከዘጠኙ ቅዱሳን አንዱ የሆኑት አቡነ አረጋዊ በዘንዶ ተይዘው አምባው ላይ እንደ ወጡ ትውፊቱ ይናገራል፤ ዛሬ ወደ ገዳሙ የሚሄድ ሰው ግን 15 ሜትር ገደማ የሚሆነውን ገደል የሚወጣው ከቆዳ በተገመደ ጠፍር ነው። በአንዱ ጠፍር ይወጣል፣ ሁለተኛው ወገቡ ላይ ታስሮ ከላይ ባለው መነኩሴ ይሳባል። በዘንዶው ተአምር ከማንም በላይ የሚያምኑት የገዳሙ አባቶች ሁለተኛውን ገመድ አላስቀሩም፤ ገመዱንም የእምነታቸው ማነስ ምልክት አድርገው አልቆጠሩትም። ተአምር ለቅዱሱ የተደረገ ስጦታ ነው፤ እንግዳ ሊጠይቀው የሚገባ መብት አይደለም።

በሌላ በኩል ጥንቃቄም ወደ በሽታ ሊለወጥ ይችላል፤ አሥር ጊዜ መርምሮ መውጣት የማይችለው ሰው ጀግንነትን በፍርሃትና በጭፍን ድፍረት መካከል ካስቀመጠው ከአርስጣጣሊስ ትምህርት ርቋል። የመረመረም ሰው ሊወድቅ ይችላል፤ ስለዚህ የወደቀውን ሁሉ ግዴለሽ ብሎ መፍረድ ነውር ነው፤ ጸሎትም ቦታ የሚያገኘው የሰው ምርመራ ዳር በሚደርስበት በዚሁ ወሰን ላይ ነው።

የማንም ሕይወት የእርሱ ብቻ አለመሆኑ ደግሞ ነገሩን ከግል ምርጫ ያወጣዋል። ኦሪት ዘዳግም ምዕራፍ 22 ቤት የሚሠራ ሰው በሰገነቱ ዙሪያ መከታ እንዲያደርግ ያዝዛል፤ ትእዛዙ የተሰጠው ገና ለማይታወቅ፣ ወደፊት ሊወድቅ ለሚችል ሰው ነው። አዳኙም የሚመረምረው በቤት ለሚጠብቁት ጭምር ነው፤ የሚሄድበትን ዛፍ ቦታና የሚመለስበትን ሰዓት ለቤተሰቡ መናገሩ፣ እርሱ ራሱ ከታሰረ በኋላም ጥይቱ የወጣለትን ጠመንጃ በገመድ መሳቡ የዚሁ ግዴታ ክፍል ነው። አንድ ጊዜ የወደቀን ሰው ይዞ ያስቀረ መታጠቂያም ምንም መቀደድ ባይታይበት ዳግም አይታጠቁትም፤ ባለቤቱ ከመጣሉ በፊት ማሰሪያዎቹን በቢላዋ ሊቆርጣቸው ይገባል፤ ካልቆረጣቸው ታሪኩን የማያውቅ ሌላ ሰው አንሥቶ ይታጠቀዋል።