የማይጎትት ጡንቻ

ዩኒቨርሲቲ ሳስተምር አንድ ተማሪ እጁን አወጣና፣ «መምህር፣ አይቀየሙኝና ሥነ ጽሑፍ ምን ይሠራል?» አለኝ። አባቱ ግንበኛ ናቸው። «አባቴ ድንጋይ ሲሸከም ይውላል፤ እኔ እዚህ ቁጭ ብዬ ልብ ወለድ እተነትናለሁ» አለ። እኔም ስለ ሥልጣኔ የተለመደውን ዲስኩሬን አሰማሁት። ራሱን ነቅንቆ ተቀመጠ። እስከ ዛሬ ያሳፍረኛል።

የተሻለ መልስ ያገኘሁ የመሰለኝ ከብዙ ዓመት በኋላ፣ ስለ ዓሣ ሳነብ ነው። ፈረንጆቹ «ሶርድፊሽ» የሚሉት ባለሰይፉ የውቅያኖስ ዓሣ ነው። ሰው ሁሉ የሚያወራለት ሰይፉን ነው። መቼም ሰይፉ የዋዛ አይደለም፤ ከላይኛው መንጋጋው የሚወጣ፣ ጠፍጣፋ፣ የገላውን ርዝመት ሲሶ የሚያህል አጥንት ነው። ዓሣው ሲያድግ ጥርሱም ቅርፊቱም ይጠፋሉና የሚያድነውን የሚመታው በዚሁ ሰይፍ ነው። እኔን የገረመኝ ግን ዓይኑ ነው።

ይህ ዓሣ ማታ ወደ ባሕሩ ገጽ ይወጣል፤ ቀን ከ500 ሜትር በላይ ወደ ታች፣ ወደ ጨለማውና ወደ ብርዱ ይወርዳል። የአብዛኛው ዓሣ ገላ ከሚዋኝበት ውኃ እኩል ይቀዘቅዛል፤ ዓይንና አንጎል ደግሞ ሲቀዘቅዙ ይደነዝዛሉ። ባለሰይፉ ግን መላ አለው። ዓይንን ከሚያንቀሳቅሱት ጡንቻዎች የአንዱ አብዛኛው ክፍል መጎተቱን እርግፍ አድርጎ ትቶ ምድጃ ሆኗል። ሥራው ማሞቅ ብቻ ነው። ፍራንሲስ ኬሪ የተባሉ ተመራማሪ ይህን እ.ኤ.አ. በ1982 ይፋ አደረጉ። አንጎሉና ዓይኑ ከውኃው ከ10 እስከ 15 ዲግሪ ይበልጥ ይሞቃሉ። በ2005 የወጣ ጥናት እንዳሳየው ደግሞ፣ የሞቀው ዓይን ፈጣን እንቅስቃሴን የመለየት ችሎታው ከቀዘቀዘው ከአሥር እጥፍ በላይ ይልቃል።

«ይኸውልህ መልሱ!» አልኩት ያንን ተማሪ በልቤ። «እኛ የማንጎትት ጡንቻ ነን፤ ድንጋይ አንሸከምም፣ ዓይን ግን እናሞቃለን።»

ደስታዬ ብዙ አልቆየም። ለመሆኑ የምድጃው ማገዶ ከየት ይመጣል? ጅራቱ ካልቀዘፈ፣ ሆዱ ካልፈጨ ምድጃው አይነድም። የቀረው ገላ ከዚህ ሙቀት አይደርሰውም፤ ማገዶውን የሚያቀርበው ግን እሱ ነው። ዕዳው የሚከፈለው ዓይኑ አይቶ ምግብ ሲገኝ ነው፤ ያኔ ጅራትም ሆድም ይጠግባል። የሞቀ ዓይን ለራሱ ሙቀት ብቻ ቢኖር ኖሮ የገላው ሌባ በሆነ ነበር።

እርግጥ ዓሣው መርጦ አላደረገውም፤ ተፈጥሮም ሰባኪ አይደለችም። እኛ ግን እንመርጣለን። እኔ የተማርኩት ድንጋይ በሚሸከሙ ሰዎች ግብር ነው፤ ደመወዜም ከዚያው ነበር።

አሁን ሳስበው ልጁ የጠየቀኝ ስለ ሥነ ጽሑፍ አልነበረም። «መምህር፣ በአባቴ ላብ ሞቀው ምን አዩልን?» ነው ያለኝ። ለዚህኛው ጥያቄ ዲስኩር የለኝም።