ቅጣት ዋጋ ነውን?

ልጅ ሳለሁ፣ ከጀጎል ግንብ ውጭ ባለች አቧራማ ሜዳ ላይ ሁለት ድንጋይ ለግብ አስቀምጠን በጨርቅ ኳስ እንጫወት ነበር። አንድ ቀን በረኛችን ታልፎ ኳሷ በድንጋዮቹ መካከል ልትገባ ስትል በእጄ መለስኳት። ዳኛ ባይኖርም ሕጉን ሁላችንም እናውቃለንና ፍጹም ቅጣት ምት ተሰጠ። መቺው ግን ወደ ውጭ ሰደዳት። አሸነፍን፤ የውርርዱንም ሳንቲም ወሰድን። ጓደኞቼ ተሸክመውኝ ወደ ሸዋ በር ሲያመሩ ያ ልጅ ከኋላ ደርሶ፣ «ቅጣቱን ሳትኩ እንጂ ጎሉን አግብተን ነበር» አለኝ። መልስ አልነበረኝም።

ይህን የረሳሁትን ነገር የቀሰቀሰብኝ የዓለም ዋንጫ ነው። ሰኔ 25 ቀን 2002 ዓ.ም. ጋናና ኡራጓይ ጆሃንስበርግ ላይ ሲጋጠሙ፣ ፈረስ መጋላ አጠገብ ካለ አንድ ቤት ተሰብስበን እናይ ነበር። 1 ለ 1 ናቸው። ተጨማሪው ሰዓት ሊያበቃ ሲል፣ ልትገባ የነበረችውን የጋና ኳስ ሉዊስ ሱዋሬዝ መስመሩ ላይ በእጁ መለሳት። በቀይ ካርድ ወጣ። አሳሞአህ ጂያን የመታት ፍጹም ቅጣት ምት ግን የግቡን አግዳሚ ገጭታ ተመለሰች። በመለያ ምት ኡራጓይ 4 ለ 2 አሸነፈች። ለግማሽ ፍጻሜ የደረሰች የመጀመሪያዋ አፍሪቃዊት አገር የመሆን ክብር ከጋና እጅ ወጣ፤ ሞሮኮ እስክታገኘውም ከ12 ዓመት በላይ ቆየ።

በማግስቱ መኪና ግርግር ሱሪ ላሳጥር ሄጄ ሱዋሬዝን ስኮንን የሰሙ አንድ ሽማግሌ ልብስ ሰፊ፣ መኪናቸውን አቆሙና፣ «ምን አጠፋ ልጄ? ሕጉ የጠየቀውን ዋጋ ከፍሏል» አሉኝ።

ለመሆኑ ቅጣት ዋጋ ነውን? ዋጋ ከሆነ፣ የከፈለ ሰው እንደ ማንኛውም ገበያተኛ ዕቃውን ይዞ ቀና ብሎ ይሄዳል። የፍጹም ቅጣት ምት ሕግ እ.ኤ.አ. በ1891 ሲወጣ፣ ጨዋ ሰው ሆን ብሎ አያጠፋም በማለት የተከፉ ነበሩ። ሕጉን የፈለገው ዊልያም ማክረም የተባለ የአየርላንድ በረኛ ነው።

በበረዶ ላይ የሚጫወቱት ሆኪ በዱላው የእኛን ገና ይመስላል። እዚያ ቀላል ጥፋት የሠራ ተጫዋች ለ2 ደቂቃ ከሜዳ ወጥቶ ይቀመጣል፤ ቡድኑም አንድ ሰው ይጎድልበታል። በዚህ መካከል ተጋጣሚው ጎል ካገባ ቅጣቱ ያበቃል፤ ጥፋተኛው ይመለሳል። ዕዳው ተከፈለ ማለት ነው። እንዲያውም በረኛው ወጥቶ ግቡ ባዶ ሳለ እርግጠኛ ጎል በጥፋት ቢከለከል፣ ዳኛው ጎሉን ራሱን ሊሰጥ ይችላል። እግር ኳስ ግን የተነጠቀውን አይመልስም፤ ከ11 ሜትር ላይ ዕድል ብቻ ይሰጣል። ጎልና ዕድል ደግሞ አንድ አይደሉም።

ልብስ ሰፊው ያለ ምክንያት አልተናገሩም። ተጫዋቹ ሁሉ ሕጉን ተቀብሎ ነው የገባው፤ ጥፋተኛውም ተቀጥቷል። የእኛው ተከላካይ እንዲህ አድርጎ ኢትዮጵያን ቢያሳልፍ እኔም እልል ማለቴ አይቀርም። ይሁን እንጂ ሕጉ የሚለው «አታድርግ» ነው እንጂ «ከፍለህ አድርግ» አይደለም። የሚሸጥ ዕቃ ቢሆንማ ቀይ ካርድ ምን ያደርጋል?

እስቲ ወደ እድራችን እንመለስ። ከቀብር የቀረ አባል ይቀጣል። አንዱ ባለጸጋ ቅጣቱን እየከፈለ ከቀብር ሁሉ ቢቀር፣ በጸሐፊው መዝገብ ዕዳ የለበትም። ሐዘንተኛው ግን ከድንኳኑ ማን እንደጎደለ ያውቃል። መዝገቡ ተዘግቷል፤ በሰውና በሰው መካከል ያለው ሒሳብ ግን አልተዘጋም። ቅጣት የሚያስታርቀን ከሕጉ ጋር ነው፤ ከተበዳዩ ጋር የሚያስታርቀን ሌላ ነገር ነው፤ እሱንም ማንም ዳኛ አያስገድደንም።

እናም ለልብስ ሰፊው የምመልሰው ይህን ነው፦ ሱዋሬዝ ለዳኛው የሚገባውን ከፍሏል። ለጋና ግን የከፈለው ነገር የለም። እኔም ለዚያ ልጅ።