የአሥራ አንድ ሰዓቱ ሠራተኛ ደመወዝ

ላልተገባው ሰው ቸር መሆን ፍትሕን መጣስ ነውን? ትጉውንና ሰነፉን እኩል የሚያይ ቸርነት ትጉውን ይበድላል ብሎ የሚሟገት ሰው ከባድ ምክንያት አለው። ክርስትና ጸጋ የሚለው ስጦታም በሥራ የማይገኝ ነውና ክሱ እግዚአብሔርን ራሱን ይነካል።

ወንጌል ይህን ክስ አልሸሸገውም። በማቴዎስ ምዕራፍ 20 ባለው ምሳሌ የወይን ቦታ ባለቤት ማልዶ ወጥቶ በቀን አንድ ዲናር ተዋውሎ ሠራተኞች ይቀጥራል። በሦስት፣ በስድስትና በዘጠኝ ሰዓት ሌሎችን ይጨምራል፤ በመጨረሻ በአሥራ አንድ ሰዓት። (ሰዓቱ እንደ እኛው ከንጋት ስለሚቆጠር ፀሐይዋ የት እንደ ደረሰች ለኛ አንባቢ ግልጽ ነው።) ሲመሽ ሁሉም አንድ አንድ ዲናር ይቀበላሉ፤ ቀኑን ሙሉ ሐሩር ሲመታቸው የዋሉት ያጉረመርማሉ።

ቅሬታቸውን እንመርምር። ከተዋዋሉት ጎደለባቸው? አልጎደለም። ለኋለኞቹ የተጨመረው ከእነሱ ድርሻ ተቀንሶ ነው? አይደለም፤ ከባለቤቱ ኪስ ወጣ እንጂ። ያጡት ነገር ቢኖር ከሌላው መብለጥን ነው፤ እሱ ደግሞ በውሉ ውስጥ አልነበረም። ዲናር የአንድ ቀን ጉርስ መሆኑንም አንርሳ። እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ቀጣሪ አጥቶ የቆመ ሰው ልጆች የሚርባቸው እንደ ማንኛውም ልጅ ነው። ኦሪት ዘዳግም 24 የድኻው ደመወዝ ፀሐይ ሳትጠልቅ ይከፈለው ብሎ ማዘዙም ድኻው ተስፋው እሱ ብቻ ስለሆነ ነው።

ከዚህ አንድ መለኪያ የሚገኝ ይመስለኛል፦ ቸርነት የእግዚአብሔርን ጸጋ የሚመስለው ዋጋውን ሰጪው ራሱ ሲከፍል ነው። ዳኛ በርኅራኄ ተነሣሥቶ ሌባን በነጻ ቢለቅ የቸረው የተዘረፈውን ሰው ገንዘብ ነው። ጳውሎስ በሮሜ መልእክቱ ስለ ኃጢአተኞች የተሰጠውን የክርስቶስን ሞት የእግዚአብሔር ፍቅር ማስረጃ ሲያደርገው፣ በደሉን እንደ ኢምንት አልቆጠረም፤ ዕዳውን የተበደለው አምላክ ራሱ ተሸከመው። በማቴዎስ 18 እልፍ መክሊት የተተወለት አገልጋይም ከባልንጀራው የሚፈልገው መቶ ዲናር የመቶ ቀን ደመወዝ ነው። ቀላል ገንዘብ አልነበረም። ቢሆንም እንዲተወው የሚጠይቀው እሱ ራሱ የተተወለት ብዛት ነው።

በዚህ መለኪያ ስናየው በሽምግልና ተቀምጠን «ስለ እግዚአብሔር ብለህ ተው» እያልን ተበዳዩን ስናስጨንቅ የምንቸረው የራሳችንን አይደለም። የምናዝዘው በሌላ ሰው ኪሳራ ነው፤ የእግዚአብሔርንም ስም ለዚያ እንጠራለን። ይህ ልማድ ብዙ ተበዳዮችን ወደ እርቅ ከማቅረብ ይልቅ ከቤተ ክርስቲያን ያርቃል ብዬ እሠጋለሁ።

ሽማግሌዎች ሆይ፣ እርቅ ስትለምኑ ከራሳችሁም አዋጡ። በዳዩ የሰረቀውን በሬ መመለስ ካቃተው ለመግዣው እጃችሁን ወደ ኪሳችሁ ስደዱ፤ ይቅርታውን ግን ተበዳዩ በጊዜውና በፈቃዱ ይስጥ።