ደስታ ሲካፈሉት ይጎድላልን?

እንጀራ ለሁለት ሲቈረስ የእያንዳንዱ ድርሻ ያንሳል፤ ርስትም በወንድማማች መካከል ሲከፈል ይጠባል። የደስታ ነገርስ እንዴት ነው? ባልና ሚስት አንድ መልካም ነገር አብረው አይተው ደስ ሲላቸው፥ የእያንዳንዳቸው ደስታ ይጎድላልን ወይስ ይጨምራል?

ነገሩ በምሳሌ ይታይ። የዘጌ ሰዎች እንጨት በደንገል ታንኳ ጭነው ወደ ባሕር ዳር ገበያ መውሰድ የቆየ ልማዳቸው ነው። ሸጠው ወደ ሰሜን ሲመለሱ የመሸባቸው እንደ ሆነ፥ ፀሐይ በግራቸው በኩል ትጠልቃለች። እንግዲህ ባልና ሚስት በአንዲት ታንኳ ሆነው ሲመለሱ ይታሰብ። ሚስት ከፊት ተቀምጣለች፤ ባል ከኋላ ሆኖ ይቀዝፋል። እንጨቱ ተሸጧልና ታንኳይቱ ቀላለች።

በዚያች ሰዓት ከፀሐይ በታች በጣና ላይ የብርሃን ጐዳና ይዘረጋል። ሚስት «ጐዳናው ወደ እኔ መጣ» ብትል እውነት ተናገረች፤ ባልም «ወደ እኔ ነው» ቢል አልዋሸም። ጥቃቅኑ ሞገድ እንደ ብዙ መስታወት ሆኖ ብርሃኑን ወደ እያንዳንዱ ዓይን ይመልሳልና፥ ሁለቱ የሚያዩት ጐዳና አንድ አይደለም። ስለዚህ ማንም ከባልንጀራው ሳይቀንስ ሁሉም ሙሉውን ይቀበላል።

ነገር ግን ተከራካሪ ተነሥቶ፥ «እንዲህ ከሆነ አብሮ ማየት ምን ይጨምራል? እያንዳንዱ ለብቻው ቢያይ ምን ይጎድልበታል?» ይል ይሆናል። የዚህ መልስ የሚገኘው ከዓይን ሳይሆን ከመቅዘፊያው ነው። ጣና በሰሜን 12ኛው የኬክሮስ መስመር ግድም፥ ለምድር ወገብ ቀርቦ ስላለ፥ ፀሐይ ብዙ ሳታጋድል ትወርዳለች። የታችኛው ጠርዟ አድማስን ከነካ በኋላ ፈጽማ እስክትሰወር ያለው ጊዜ ከ2 ደቂቃ ብዙ አይበልጥም፤ ጨለማውም ፈጥኖ ይከተላል። ቀዛፊው ይህን ያውቃልና ዓይኑን ከውኃው አያነሣም። ተቀማጯ ደስታዋን፥ ቀዛፊው ድካሙን ብቻ ይዘው ከወደቡ ቢደርሱ፥ በአንዲት ታንኳ ተሳፈሩ እንጂ አብረው ሄዱ አይባልም።

ሚስቲቱ ግን ወደ ኋላ ዘወር ብላ፥ «እስቲ ጥቂት ዕረፍና ተመልከት» ብትለው፥ እርሱም መቅዘፊያውን በጭኑ ላይ ቢያኖር፥ ነገሩ ይለወጣል። እርሷ ፊቷን ከፀሐይ መልሳለችና፥ ከዚያች አጭር ጊዜ ጥቂቱን አጥታለች። እርሱም በጨለማ የሚቀዝፈው መንገድ ረዝሞበታል። ሁለቱም ከየራሳቸው አጉድለዋል፤ ደስታውም የሁለት የሆነው በዚህ ነው። በቅኔ አነጋገር፥ ሰሙ የፀሐይዋ መጥለቅ ነው፤ ወርቁ ግን የሴቲቱ ዘወር ማለት ነው።

እንግዲህ ደስታ ሲካፈሉት አይጎድልም፤ ያለ ዋጋ ግን አይካፈሉትም። ይህም በውኃ ላይ ብቻ ሳይሆን በየቤቱ የሚደርስ ነገር ነው። አንዱ በደጅ ተቀምጦ የምሽቱን ነፋስ ሲቀበል፥ ሌላው በጢስ ውስጥ ራቱን ያዘጋጃል። ስለዚህ መልካም ነገር በማየት ላይ ያለ ሰው፥ ፀሐይ ሳትጠልቅ ራሱን ሊጠይቅ ይገባዋል፤ «ይህን የማየው ማን እየቀዘፈልኝ ነው?»