ሥሩን ከመንቀልሽ በፊት

ልጄ፣ የአገር ቤት መድኃኒት መማር እፈልጋለሁ ብለሽ የላክሽልኝን ማስታወሻ አነበብኩት። ለምች ዳማከሴ፣ ለሆድ ቁርጠት ጤና አዳም፣ ለአራስ ቀበሪቾ እያልሽ በሽታውንና ተክሉን አጠገብ ለአጠገብ አስፍረሻል። ደግ ጀምረሻል። ተክሉ በየትኛው ወር እንደሚለቀም፣ የትኛው ክፍሉ እንደሚወሰድ፣ ምን ያህሉ እንደሚተው ግን አንድም ቦታ አልጻፍሽም። የእናቶቻችን ዕውቀት ዋናው እሱ ነው፤ ተክሉ ካለቀ መድኃኒትነቱን ማወቅ ምን ይሠራልሻል?

ይህን ያስተማሩኝ ካርቱም፣ አል-ጣኢፍ ሰፈር እሠራበት የነበረው ቤት አሮጊት ናቸው። ሐቦባ ነበር የምንላቸው፣ እንደ ሱዳኖች አጠራር። ትውልዳቸው የሙጫ አገር ከሆነው ከኮርዶፋን ነው። በእሳቸው አገር ሐሻብ የሚባለው ግራርና እርሻው አይጣሉም። ገበሬው መሬቱን ለጥቂት ዓመታት ማሽላና ሰሊጥ ይዘራበታል፤ አፈሩ ሲደክም ይተወዋል፤ ሐሻብ ይበቅልበታል። ዛፉ ናይትሮጅን እየመለሰ አፈሩን ሲጠግን፣ ባለቤቱ ደግሞ ለዓመታት ሙጫውን ይለቅማል። ሲያረጅ ይቆረጥና መሬቱ እንደገና ይታረሳል። አለቃቀሙም ወግ አለው። ዝናቡ አልፎ ቅጠሉ መርገፍ ሲጀምር፣ በጥቅምት ገደማ፣ ሶንኪ በሚሉት ረጅም እጀታ ባለው ስለት የቅርንጫፉን ቅርፊት በስሱ ይልጡታል፤ እንጨቱ እንዳይጎዳ ይጠነቀቃሉ። ሳምንታት ቆይተው ሲመለሱ ሙጫው በተላጠው ላይ ረግቶ፣ ደርቆ ያገኙታል። የለስላሳ መጠጥ ፋብሪካዎች በጣም ስለሚፈልጉት አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1997 ሱዳን ላይ ማዕቀብ ስትጥል እንኳ ሙጫው ከማዕቀቡ ውጪ እንዲሆን ተደርጓል። እኔን የሚደንቀኝ ግን ያ ዛፍ በገበሬው ማሳ ውስጥ ተራ ያለው መሆኑ ነው። ተራው ስላልተነጠቀ ነው የቆየው።

ከድንበሩ ወዲህ፣ በመተማና በቋራ ያለውን የእኛን የዕጣን ዛፍ ደግሞ ተመልከቺ። እሱም በበጋ ቅርፊቱ እየተፋቀ ነው የሚያነባው። ነገር ግን በሰሊጥ እርሻ ውስጥ ቦታ የለውም፤ እርሻው ሲሰፋ ይመነጠራል። ከብቱ ችግኙን ይግጠዋል፣ ሰደድ እሳት የቀረውን ይጨርሰዋል፣ በተረፉት ሽማግሌ ዛፎች ላይ ደግሞ ስለቱ ይበዛባቸዋል። በኢትዮጵያ፣ በኤርትራና በሱዳን የሚገኘውን ይህን ዛፍ ያጠኑ ሰዎች እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጡት ጽሑፍ፣ ካዩዋቸው ጫካዎች ከሦስት አራተኛ በሚበልጡት ውስጥ ወጣት ዛፍ አላገኙም፤ የዕጣኑም ምርት በ20 ዓመት ውስጥ በግማሽ ሊቀንስ ይችላል ብለዋል። ቡና ባፈላን ቁጥር ፍሙ ላይ የምንበትነው ዕጣን ተተኪ ልጅ የሌለው ዛፍ ነው ማለት ነው። ይህን ሳስብ ያመኛል።

በአል-ጣኢፍ ቤት ልጆች ሳል ሲይዛቸው ሐቦባ ቀረድ ከሰል ላይ ጣል አድርገው ጭሱን ያስምጓቸው ነበር። ቀረድ የሱንጥ ግራር ፍሬ ነው፤ ቆዳም ይለፋበታል። እሳቸው የሚያስለቅሙት ወድቆ ያገኙትን ብቻ ነበር፤ ቅርንጫፍ ጎትቶ የሚያራግፍ ልጅ ካዩ ይቆጡ ነበር። ካርቱም ውስጥ ሁለቱ አባይ ከሚገናኙበት አጠገብ፣ የወንዙ ሙላት በየዓመቱ የሚያጥለቀልቀው የሱንጥ ደን ነበረ። እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 15 ቀን 2023 ጦርነቱ ከፈነዳ በኋላ ሰዉ ጋዝ አጣ፤ ደኑ ለማገዶና ለከሰል ተጨፈጨፈ። በተራበ ሰው አልፈርድም፤ ሐዘኑ ግን ሐዘን ነው። ወድ መደኒ የነበረው የሱዳን የዘር ባንክም ተዘርፏል። ደግነቱ ባለሙያዎቹ ያተረፉትን የማሽላና የሌላም እህል ዘር እ.ኤ.አ. በየካቲት 2025 ኖርዌይ፣ ስቫልባርድ ወዳለው የበረዶ ጎተራ ልከዋል።

በእኛም አገር እ.ኤ.አ. በ1976 አዲስ አበባ ላይ የዘር ባንክ ተቋቁሟል። ኋላ የመሩት ዶክተር መላኩ ወረደ ዘሩ በባንክ ብቻ ሳይሆን በገበሬው ማሳም መኖር አለበት ብለው በወሎና በሸዋ ከገበሬዎች ጋር ሠርተዋል። እኔም የምልሽ ይህንኑ ነው። በቀዝቃዛ ክፍል የተቀመጠ ዘር ራሱን ያቆያል፤ መቼ እንደሚዘራና እንዴት እንደሚለቀም የሚያውቀው ግን ሰው ነው።

እንግዲህ ወደ ማስታወሻሽ እንመለስ። ዳማከሴና ጤና አዳም አያሳስቡኝም፤ ቅጠላቸው ነው የሚቀጠፈው፣ ጓሮሽ ትከያቸው። የሚያሳስበኝ ቀበሪቾ ነው። ከኢትዮጵያ ሌላ የትም አይበቅልም፤ የሚፈለገውም ሥሩ ነው። ገበያ ላይ ተሰንጥቆ፣ ደርቆ፣ በልጥ ታስሮ የምታይው እያንዳንዱ እስር በሕይወት የነበረ ሙሉ ተክል ነው። የግድ ካስፈለገሽ ዘሩ እስኪበስል ታግሠሽ፣ ዘሩን እዚያው ከቆፈርሽው አፈር መልሰሽ ከዚያ ውሰጂ። የሚሸጥልሽንም ሰው ከየት እንዳመጣው ጠይቂው። ካልነገረሽ አትግዢው።

መድኃኒት አዋቂ ምስጢሩን ቢደብቅሽ አትቀየሚ፤ ብዙዎቹ ዕውቀታቸውን ነጋዴ ወስዶባቸዋል። ሳይፈቅዱልሽ የነገሩሽን ለማንም አታሳልፊ፤ የማኅበረሰብ ዕውቀት በሕግም የተጠበቀ ነው፣ አዋጅ ቁጥር 482/1998ን ፈልገሽ አንብቢ። ልኩን ሳታውቂም ለሰው አትስጪ። ኮሶ መጠኑ ካለፈ ዓይን እስከማጥፋት ይደርሳል። ትኩሳቱ ያልበረደለትን ሕፃን ይዘሽ ሐኪም ቤት ሩጪ።

ሐቦባ አሁን ፖርት ሱዳን ከልጃቸው ጋር ናቸው። ስልካቸውን ሰጥቼሻለሁ፤ አረብኛሽም ከእኔ ይሻላል። ለሆድ ቁርጠት ስለሚያፈሉት ሐርጀል ጠይቂያቸው። የሚታጨደው ከማበቡ በፊት ነው ወይስ በኋላ? ጉቶው ምን ያህል ይተዋል? በዚያው ዓመት ያቆጠቁጣል? እኔ ከሱቅ የደረቀውን እየገዛሁ ስለኖርኩ አልጠየቅኋቸውም። ከፈቀዱልሽ ድምፃቸውን ቅጂ፤ ጠዋት ነው መደወል ያለብሽ፣ ከሰዓት ይተኛሉ።