ሾፌር ሆይ፥ ውልህ ከሥራህ ጋራ ይስማማልን?

ውድ አንባቢ ሆይ፤ የራስህ መኪና ያለህ ብትሆን፥ ወይም የሌላውን መኪና እየነዳህ እንጀራህን የምትበላ ብትሆን፥ አንዲት ጥያቄ እንድንጠይቅህ ፍቀድልን። በመኪናህ መስተዋት ፊት መስቀል ተንጠልጥሎ ይሆናል፤ በዚያው መስተዋት ላይ ደግሞ የመድን ምልክት ተለጥፎ ይገኛል። መስቀሉ፦ እኔ የክርስቶስ ነኝ ይላል፤ ምልክቱም፦ በሰው ላይ ጉዳት ባደርስ የሚከፍል ዋስ አለኝ ይላል። ሁለቱም የምስክርነት ቃል ናቸው። እንግዲህ ሁለቱም እውነት ናቸውን?

ነገሩ ግልጥ እንዲሆን በምሳሌ እንናገር። በሰቆጣ ከተማ የሚኖር አንድ ሰው አለ እንበል። ይህ ሰው ለቤቱ መገልገያ ብሎ አንዲት መኪና ገዛ፤ ወደ መድን ኩባንያም ሄዶ፦ ለቤቴ ብቻ ነው የምነዳት ብሎ አስጻፈ፤ ለዚህ የሚገባውንም ጥቂት አረቦን ከፈለ። በዚያን ቀን ቃሉ እውነት ነበረ። ዳሩ ግን ጥቂት ወራት ካለፉ በኋላ ጎረቤቶቹ ወደ ገበያ አድርሰን እያሉ ለመኑት፤ በመጀመሪያ በነጻ ወሰዳቸው፤ ቀጥሎ የቤንዚን ተቀበለ፤ በመጨረሻም አንድ ጊዜ ወደ ኮረም፥ አንድ ጊዜ ወደ አምደ ወርቅ በየዕለቱ በዋጋ ሰው የሚያመላልስ ሆነ። ሥራው ተለወጠ፤ ወረቀቱ ግን አልተለወጠም።

ይህን ሰው ክፉ ሰው ነው ብለን ለመፍረድ አንቸኩል። የዋግ አገር ድርቅ ደጋግሞ የጎበኘው አገር ነው፤ ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. የነበረው ጦርነትም ብዙ ቤት አራቁቷል። ልጆቹን ለማብላት የሚደክም አባት የሚያዝን ልብ ይገባዋል። ነገር ግን መንገዱ ለድካሙ አያዝንም። በክረምት ቀን፥ ጭጋግ በተራራው ላይ በወደቀ ጊዜ፥ መኪናዪቱ ከመጠምዘዣው ተንሸራታ ተገለበጠች። ከተሳፋሪዎቹ አንዲት እናት ሞተች፤ በመንገድ ዳር ፍየል ይጠብቅ የነበረ ብላቴናም እግሩ ተሰበረ።

አሁን መርማሪው መጥቶ አንዲት ነገር ብቻ ይጠይቃል፤ ይኸውም፦ ይህች መኪና በምን ሥራ ላይ ነበረች? የሚል ነው። በዚህ ጊዜ ሰውየው በሁለት መንገድ መካከል ይቆማል። እውነቱን ቢናገር ዋሱን ያጣል። እውነቱን ቢሸሽግ ግን ብቻውን ሊሸሽገው አይችልም፤ ወደ ቆሰሉት ሰዎች ሄዶ፦ ዘመዶቼ ነን በሉልኝ፥ በዋጋ ተሳፈርን አትበሉ ብሎ መለመን አለበት። ወንድሜ ሆይ፥ ይህን አስተውል። በደረታቸው ላይ ፋሻ የታሰረላቸውን፥ እናታቸውንም ቀብረው የተመለሱትን፥ የሐሰት ምስክር እንዲሆኑ ይለምናቸዋል። ለጥቂት ብር ተብላ የተጀመረች ዝምታ እስከዚህ ድረስ ታደርሳለች።

ምናልባት ትል ይሆናል፦ ኩባንያው ባለጠጋ ነው፤ ጥቂት አረቦን ቢቀርበት ምን ይጎዳል? እድርህን አስብና መልሱን ራስህ ስጥ። በእድር ሁሉም በየወሩ ያዋጣል፤ ኀዘን በደረሰበት ሰው ቤት ድንኳኑ የሚተከለው ከዚያ ከሁሉ መዋጮ ነው። አንድ ሰው በቤቱ ስምንት ነፍስ ሳለ፦ ብቻዬን ነኝ ብሎ ቢመዘገብና ጥቂት ቢከፍል፥ የሚበድለው ዳኛውን ነውን? አይደለም፤ እንደ እርሱ ድሆች የሆኑትን ማኅበርተኞቹን ነው። መድንም እንዲሁ ሰፊ እድር ነው። በዋጋ ሰው የሚጭን መኪና ከማለዳ እስከ ማታ በመንገድ ላይ ይውላል፤ ብዙ ነፍስም ይይዛል፤ ስለዚህ አደጋው ከቤት መኪና ይበልጣል፥ አረቦኑም በዚያው መጠን ይበልጣል። ያንተን ጕድለት የሚሞላው በእውነት የከፈለው ሌላው ሾፌር ነው። በኦሪት ዘዳግም ምዕራፍ 25 በአንድ ከረጢት ሁለት ዓይነት መመዘኛ መያዝ የተከለከለ ነው። በመድን ቢሮ አንድ ቃል፥ በመናኸሪያ ሌላ ቃል የሚናገር ሰው ሁለት መመዘኛ ይዟል።

የአገራችንም ሕግ ከዚህ የራቀ አይደለም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ሕግ ስለ መድን በሚናገርበት ክፍል፥ ዋስትና የሚገባ ሰው የሚያውቀውን ነገር በትክክል እንዲያስታውቅ ያዛል፤ አውቆ የሸሸገ ወይም በሐሰት የተናገረ ሰው ውሉ ይፈርስበታል፤ ከውሉ በኋላም አደጋውን የሚያበዛ አዲስ ነገር ቢመጣ ለመድን ሰጪው መናገር ይገባዋል። በዚያው ዓመት የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ደግሞ በአንቀጽ 2081 የመኪና ባለቤት መኪናው ላደረሰው ጉዳት፥ ጥፋት ባይገኝበት እንኳ፥ ኀላፊ ነው ይላል። በ2000 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 559፥ እርሱንም በተካው በ2005 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 799፥ ለሦስተኛ ወገን፥ ማለት በመኪናው ለሚጎዳው ለሌላው ሰው፥ የመድን ዋስትና የሌለው መኪና በመንገድ ላይ እንዳይነዳ ተከልክሏል። እንግዲህ ኩባንያው አልከፍልም ቢል፥ ወይም ከፍሎ ገንዘቡን ካንተ ቢያስመልስ፥ ዕዳው በቤትህና በልጆችህ ላይ ይወድቃል። አንተ የምትከፍለው ከሌለህ ደግሞ እግሩ በተሰበረው ብላቴና ላይ ይቀራል።

ይህ አዲስ ትእዛዝ አይምሰልህ። በኦሪት ዘጸአት ምዕራፍ 21 ስለ ተዋጊ በሬ የተነገረውን አስብ። በሬው ተዋጊ መሆኑ ለባለቤቱ ተነግሮት ሳይጠብቀው ቢቀርና ሰው ቢገድል፥ በደሉ በባለቤቱ ላይ እንዲሆን ተጽፏል። በሬ የሚያርስ ባላገር ይህን ሕግ ያለ አስተማሪ ያውቀዋል። መኪናም ጕልበቱ ከብዙ በሬ የሚበልጥ፥ ለባለቤቱም አስቀድሞ የተነገረለት ተዋጊ ነው። በረቱ ደግሞ ጥንቃቄህና እውነተኛ ውልህ ነው።

ሌላው ወንድም ደግሞ፦ እኔ በእግዚአብሔር እታመናለሁ፤ እርሱ ይጠብቀኛል ይላል። መልካም ነው፤ ጠባቂነቱን አንጠራጠርም። ነገር ግን መድን የተደረገው አንተ በእግዚአብሔር እንዳትታመን አይደለም፤ ባልንጀራህ በአንተ እንዲታመን ነው። በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 10 ያለውን ሳምራዊ ተመልከት። የቆሰለውን ሰው በእንስሳው ላይ ጫነው፤ ለማረፊያው ጠባቂ ገንዘብ ሰጠ፤ የጎደለውንም ሲመለስ ሊከፍል ቃል ገባ። ያን ሰው ያቆሰለው እርሱ አልነበረም፤ ሆኖም ዋስ ሆነው። እርሱ ላላቆሰለው ሰው ዋስ ከሆነ፥ እኛ በገዛ መኪናችን ለምናቆስለው ሰው ዋስ ሳናዘጋጅ መንገድ ብንወጣ ምን መልስ አለን?

የሰቆጣ ስም ዛሬ በአገሩ ሁሉ ከቃል ኪዳን ጋራ ይጠራል። በ2007 ዓ.ም. መንግሥት የሕፃናትን መቀንጨር እስከ 2022 ዓ.ም. ለማስወገድ የገባው ቃል የሰቆጣ ቃል ኪዳን ተብሏልና። ያ ትልቅ ቃል ስለ ሕፃናት እንጀራ የተነገረ ነው። ያንተ የመድን ውል ትንሽ ቃል ናት፤ ዳሩ ግን እናቱ በመንገድ የቀረችበት የአንድ ሕፃን እንጀራ በእርስዋ ላይ ሊንጠለጠል ይችላል። በትንሹ ቃል ያልታመነ ሰው ስለ ትልቁ ቃል ሊናገር አፍ የለውም።

እንግዲህ ምን እናድርግ? ዛሬ ማታ ከመተኛትህ በፊት የውሉን ወረቀት አውጥተህ በመብራት አንብብ። መኪናው ለምን አገልግሎት እንደ ተጻፈ፥ ስንት ሰው እንዲጭን እንደ ተፈቀደ፥ ማን እንዲነዳው እንደ ተጻፈ፥ መቼም እንደሚያበቃ ተመልከት። የጭነት መኪና ከሆነ፥ በእህሉና በጨው ከረጢት ላይ የምትጭናቸውን ሰዎች ወረቀቱ ያውቃቸው እንደ ሆነ ጠይቅ። ነገ ወደ ኩባንያው ሄደህ፦ በዋጋ ሰው እጭናለሁ ብለህ ተናገር፤ ሕጉ የሚጠይቀውን ፈቃድ አውጣ፤ የጎደለውን አረቦን ክፈል፤ የተለወጠውንም በጽሑፍ ተቀበል። ይህ እስኪሆን ድረስ ሰው በዋጋ አትጫን። ጥቂት ቀን ገቢ ይቀርብህ ይሆናል፤ ይህን አናቃልለውም። ከጓደኞችህ ጋራ እቁብ ብትገባም አረቦኑን በአንድ ጊዜ መክፈል ይቀልልሃል።

አንተም የሰው ቅጥር የሆንህ፥ በራስህ ሞተር ብስክሌት ወይም መኪና ለመሥሪያ ቤት ጉዳይ የምትላክ፥ አለቃህን በትሕትና፦ በዚህ ሥራ ላይ ሳለሁ ዋሴ ማን ነው? ብለህ ጠይቅ። አለቃ የሆንህ አንተም፥ ሠራተኛህ ሳይጠይቅህ አስቀድመህ መልስለት፤ ወደ ቁልቁለቱ የምትልከው ልጅ እናት አለችውና።

አቤቱ ጌታ ሆይ፥ የመንገዳችንን መውጫና መግቢያ ጠብቅ፤ አፋችንንም ከሥራችን ጋራ አስማማ፤ በእጃችን ጉዳት የሚደርስበት ድሀ ቢኖር ያለ ዋስ እንዳይቀር አእምሮና እውነት ስጠን። አሜን።