ባለቤቱን ሳያጎድሉ መውሰድ

ሰው ከሰው የሚወስደው ነገር በሁለት ይከፈላል። አንደኛው ሲወሰድ ከባለቤቱ ዘንድ የሚጎድል ነው፤ በሬ፥ ጋቢ፥ ገንዘብ ይህን የመሰለ ነው። ሁለተኛው ሲወሰድ ከባለቤቱ ዘንድ የማይጎድል ነው፤ ከጧፍ የተለኮሰ ጧፍ፥ ከመምህር የተቀሰመ ዕውቀት፥ ከአዝማሪ አፍ የተሰማ ዜማ የዚህ ወገን ናቸው። የመጀመሪያውን ያለ ፈቃድ የወሰደ ሰው ሌባ መሆኑን ሕፃን እንኳ ያውቃል። ሁለተኛውን ያለ ፈቃድ የወሰደውን ግን ምን እንበለው? ይህ ጥያቄ ቀድሞ የሊቃውንት መከራከሪያ ብቻ ይመስል ነበር፤ ዛሬ ግን በእያንዳንዳችን ኪስ ውስጥ ተቀምጦ ይገኛል። የያዝነው ትንሽ መሣሪያ በሺህ የሚቈጠሩ ዘፈኖችን ተሸክሞአልና፤ ከእነዚህ መካከል ዋጋ የከፈልንበት ስንቱ እንደ ሆነ ብንጠየቅ ሳናፍር የምንመልስ ጥቂቶች ነን።

ነገሩን ከሥሩ ለመረዳት የመሣሪያውን ታሪክ በአጭሩ ማስታወስ ይጠቅማል። በኋላ ነጋድራስ የተባሉት ተሰማ እሸቴ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1908 በጀርመን አገር ድምፃቸውን በሸክላ ሲያስቀርጹ፥ የኢትዮጵያዊ ድምፅ ከባለቤቱ አፍ ተለይቶ በዕቃ ላይ ማደር ጀመረ። በዚያን ዘመን ግራማፎን ያለው ሰው ጥቂት ነበር፤ መሣሪያውም ከአዳራሽ የማይወጣ ከባድ ዕቃ ነበር። ከዚያ በኋላ በ1963 የሆላንዱ ፊሊፕስ ካሴትን ለዓለም አሳየ፤ በ1979 የጃፓኑ ሶኒ ዎክማን የተባለውን በወገብ የሚታጠቅ ማጫወቻ አወጣ፤ በ2001 የአሜሪካው አፕል አንድ ሺህ ዘፈን በኪስ የሚያስይዘውን አይፖድ ለገበያ አቀረበ። እርሱም በተራው ዘመኑ አልፎ በ2022 መሠራቱ ቀረ፤ የእጅ ስልክ ሥራውን ወርሶበታልና። ይህን ሁሉ ያስቻለው ኤም ፒ ስሪ የተባለው ድምፅን የማመቂያ ዘዴ ነው፤ የሰው ጆሮ የማይለየውን እየጣለ የሚለየውን ብቻ ያስቀራል። በዚህ ዘዴ አንድ የአምስት ደቂቃ ዘፈን ወደ አምስት ሜጋባይት ያህል ብቻ ስለሚይዝ፥ ከጥፍር የማትበልጥ ባለ 8 ጊጋባይት ሜሞሪ ካርድ ወደ 1,600 የሚጠጉ ዘፈኖችን ትሸከማለች።

የሰውን ትጋት የሚያስመሰግን ሥራ ነው። ነገር ግን መሣሪያው እያነሰ በሄደ መጠን ከዕቃው ጋር ሌላም ነገር አብሮ ማነሱን ልብ ልንል ይገባናል።

በአገራችን ልማድ ዘፈን የሚሰማ ጆሮና የሚከፍል እጅ ጎን ለጎን የሚኖሩ ነበሩ። አዝማሪው ማሲንቆውን ይዞ በጠጅ ቤት ሲቆም፥ አድማጩ ግጥም እየሰጠ «ተቀበል» ይለዋል፤ አዝማሪውም ተቀብሎ ያዜማል፤ ደስ ያለው ሰው ተነሥቶ ብሩን በግንባሩ ላይ ይለጥፍለታል። ዋጋውን የሚወስን ጽሑፍ የለም፤ የሚያስገድድ ዳኛም የለም። ሆኖም ሰው ሁሉ ሲያይ ጠግቦ ሰምቶ እጁን አጥፎ መውጣት ነውር ነበር። በአውድማና በደቦ የሚዘፈነው ዘፈን ክፍያ የለውም የሚል ቢኖር፥ በዚያ ሁሉም ዘፋኝ ሁሉም አድማጭ በመሆኑ ብድሩ እዚያው በእዚያው የሚመላለስ መሆኑን ያስተውል።

ሸክላው፥ ካሴቱና ሜሞሪው ግን ጆሮን ከእጅ ለዩት። ዛሬ ከለገጣፎ ወደ መገናኛ በሚሄደው ሚኒባስ ውስጥ ተሳፋሪው ማዳመጫውን በጆሮው ከቶ ይቀመጣል፤ የሚሰማውን ከአጠገቡ ያለው ሰው አያውቅም፤ የሚሰማው ዘፋኝም እርሱን አያየውም። እንግዲህ የጥንቱ ነውር ምስክር አጥቶ ቀረ ማለት ነው። የሰው ግብረ ገብነት የሚፈተነውም ምስክር በሌለበት ቦታ ነውና ጥያቄያችን ከዚህ ይጀምራል።

ሕጉ ምን ይላል? በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ስለ ድርሰትና ስለ ኪነ ጥበብ ሥራ ባለቤትነት ደንግጎ ነበር። በኋላም የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ወጣ፤ በአዋጅ ቁጥር 872/2007ም ተሻሻለ። አዋጁ ለደራሲው በሕይወት ዘመኑና ከሞተም በኋላ ለ50 ዓመት መብቱን ያጸናለታል። ይሁን እንጂ ሕጉ ጨካኝ አይደለም፤ አንድ ሰው ለግል ጥቅሙ ብቻ አንድ ቅጂ ቢያባዛ ባለቤቱ ሊከለክለው እንደማይችል ይደነግጋል። በትንሽ ገንዘብ የመቶ ዘፋኞችን ሥራ በሰው ሁሉ ፍላሽ ላይ እየጫነ የሚሸጥ ባለ ሱቅ ግን በዚህ ፈቃድ ሊጠለል አይችልም። የሚሸጠው ነገር የራሱ አይደለምና፤ ስለ እርሱ ረዥም ክርክር አያስፈልግም። አስቸጋሪው ከሻጩ ፊት የቆመው ገዢ ነው፤ ይኸውም እኛው ነን። ስለዚህ እኛ ለራሳችን የምንሰጣቸውን ምክንያቶች አንድ በአንድ እንመርምር።

የመጀመሪያው ምክንያት «ዘፈኑ ከዘፋኙ ዘንድ አልጎደለም» የሚል ነው። ይህ ቃል እውነት አለበት። በአጥር ውጭ የሚያልፍ መንገደኛ የሠርግ ዘፈን ቢሰማ ሌባ አይባልም። ዳሩ ግን መንገደኛው የሚሰማው በአጥሩ ውስጥ ያለው ደጋሽ ስለ ከፈለ ነው። ከተማው ሁሉ ከአጥር ውጭ ቆሞ ቢያዳምጥና በውስጥ ደጋሽ ባይኖር፥ በሚቀጥለው ዓመት ከአጥሩ ውስጥ ዘፈን አይሰማም። እንግዲህ የሚጎድለው የተዘፈነው ዘፈን አይደለም፤ የሚጎድለው ገና ያልተዘፈነው ነው። ይህም ስላልተወለደ የሚያለቅስለት የለም፤ እኛም መጥፋቱን አናውቅም።

ሁለተኛው ምክንያት «ዜማው የሕዝብ ነው» የሚል ነው። ትዝታ፥ ባቲ፥ አምባሰልና አንቺ ሆዬ የአንድ ሰው ፈጠራ አይደሉም፤ ከአባቶች የወረስናቸው ቅኝቶች ናቸው፤ ታዲያ የጋራችንን ነገር መልሶ ለእኛ የሚሸጥልን ማን ነው ይባላል። ለዚህ መልስ የሚሆን ምሳሌ እኛ በምንኖርበት በለገዳዲ ይገኛል። በኦሮምኛ «ለገ» ወንዝ፥ «ዳዲ» ጠጅ መሆኑን የሚያውቅ ሰው የስፍራውን ስም የጠጅ ወንዝ ብሎ ሊተረጉመው ይችላል። ይህች ስፍራ ከለገጣፎ ጋር በ2015 ዓ.ም. ከሰበታ፥ ከቡራዩና ከሱሉልታ ጋር በሸገር ከተማ ውስጥ ተጠቃላለች፤ ስሟን ያስጠራው ግን ከዚያ በፊት፥ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1970 ተሠርቶ ያለቀው ግድቧ ነው። አዲስ አበባ ከዚህ ግድብ ውኃ ትጠጣለች። ዝናቡን ያዘነበ ሰው የለም፤ ደመናውም ባለቤት የለውም፤ ሆኖም በየወሩ የውኃ ሒሳብ እንከፍላለን። የምንከፍለው ለዝናቡ አይደለም፤ ግድቡን ለሠራው፥ ውኃውን ለሚያጣራው፥ ቧንቧውን እስከ ቤታችን ለዘረጋው ድካም ነው። ቅኝቱም እንደ ዝናብ ነው፤ የሁላችንም ነው። ግጥሙን የጻፈ፥ ዜማውን የደረሰ፥ ያቀናበረ፥ መሣሪያውን የተጫወተና የዘፈነው ግን ግድቡን የሠሩ ናቸው።

እርግጥ ነው፥ ምሳሌው በአንድ በኩል ያነክሳል፤ ውኃ ሲጠጣ ያልቃል፥ ዘፈን ግን ሲሰማ አያልቅም። ነገር ግን ግድብ የሚበላሸው ውኃው ስለ ተጠጣ ብቻ አይደለም፤ ደለሉን የሚጠርግ ሲጠፋም ይደፈናል። የምንከፍለው ለጠጣነው ብቻ ሳይሆን ምንጩ እንዳይደፈን ነው።

ሦስተኛው ምክንያት «ዘፋኙ በመድረክ ያገኛል፤ ዘፈኑ በነፃ ቢዛመት ስሙ ይገንንለታል» የሚል ነው። ለዘፋኙ ይህ አንዳንድ ጊዜ ይሆናል እንበል። ነገር ግን ገጣሚው በመድረክ አይቆምም፤ የዜማው ደራሲ ትኬት አይሸጥም፤ አቀናባሪው በሠርግ ተጠርቶ አይሸለምም። እነዚህ ሰዎች የሚኖሩት ከሥራው ሽያጭ ነው። ዝናው ለአንዱ ሲሆን ጉዳቱ ለሦስቱ ከሆነ፥ አንዱን በማመስገን የሦስቱን ዕዳ ከፈልን ማለት አንችልም።

አራተኛው ምክንያት ድኽነት ነው፤ ከሁሉም የከበደው ይህ ነው። ከታክሲና ከምሳ የሚተርፈው ገንዘብ የሌለው የሰበታ ወይም የሱሉልታ ተማሪ ዘፈን አይስማ ልንል ነውን? አንልም። የኪነ ጥበብ ጥማት ለባለጸጋ ብቻ የተፈጠረ አይደለም። በታሪክም ቢሆን መቅዳት ሁሉ ክፉ አልነበረም። አቶ አምሃ እሸቴ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1969 ሸክላ ማሳተም ሲጀምሩ፥ ይህ ሥራ ለሐገር ፍቅር ማኅበር ብቻ የተሰጠ ነበር፤ እርሳቸው ግን ደፍረው ወደ መቶ የሚጠጉ ሸክላዎችን አወጡ። የእነዚያ ዓመታት ዘፈኖች ከጊዜ በኋላ ከገበያ ሲጠፉ፥ በየቤቱ የቀሩትን ሸክላዎችና እጅ በእጅ የተቀዱትን ካሴቶች የጠበቁ ሰዎች ለአገር ቅርስ ባለ ውለታ ሆነዋል። ስለዚህ ሕግ ወይም ልማድ ከፈቀደው መስመር የወጣ ሁሉ በአንድ ሚዛን አይመዘንም። ዳሩ ግን ድኽነት ዕዳን ያቆያል እንጂ አይፍቅም። ተማሪ ሳለ ያልከፈለ ሰው ደመወዝ በያዘ ጊዜም ባይከፍል፥ ያን ጊዜ ምክንያቱ ድኽነት ሳይሆን ልማድ ሆኖአል።

ከዚህ በላይ ግን ድኻም ባለጸጋም እኩል የሚከፍሉት፥ ገንዘብ የማይጠይቅ ዕዳ አለ። እርሱም ስም ነው። በካሴት ዘመን የነበረ ሰው እንደሚያስታውሰው፥ የካሴቱ ልባስ ግጥም የእገሌ፥ ዜማ የእገሌ፥ ቅንብር የእገሌ እያለ ይዘረዝር ነበር። ሜሞሪ ካርድ ልባስ የለውም። ዘፈኑ ከስልክ ወደ ስልክ ሲሻገር የገጣሚው ስም በመጀመሪያው መሻገሪያ ይወድቃል፤ የዜማ ደራሲው በሁለተኛው፤ በመጨረሻ «ትራክ 01» የሚል ጽሑፍ ብቻ ይቀራል። አዋጁም የሥራው አመንጪ ስሙ የመጠቀስ መብት እንዳለው ደንግጎአል፤ ይህ መብት ከገንዘቡ መብት የተለየ ነው። ጋቢ የተሰረቀበት ሰው ቢያንስ ጋቢው የእርሱ እንደ ነበረ ጎረቤት ይመሰክርለታል፤ ስሙ የተፋቀበት ገጣሚ ግን የራሱን ግጥም በሚኒባስ ውስጥ እየሰማ የእኔ ነው ቢል የሚያምነው የለም። እንግዲህ ባለቤቱን ሳናጎድል ወሰድን ስንል የነበርነው ሰዎች፥ ከባለቤቱ ዘንድ የጎደለ አንድ ነገር መኖሩን እዚህ ላይ እናገኘዋለን።

ከዚህ ሁሉ የምንደርስበት ፍርድ ይህ ነው። ዘፈን መስማት ስርቆት አይደለም፤ ለወዳጅ ማካፈልም ከመሠረቱ ክፉ አይደለም። ክፉው የማይጎድል መሆኑን ምክንያት አድርጎ ባለቤቱን እንደሌለ መቍጠር ነው። አዝማሪውን ፊት ለፊት እያየ የሰጠ እጅ፥ ሳያይም መስጠትን መማር አለበት።

የሚከፈልበት መንገድ የለም እንዳይባል፥ በ2011 ዓ.ም. አድማጭ ዘፈን በዋጋ የሚያገኝበት አውታር የተባለ አገልግሎት ተከፍቶ ነበር፤ ከመሥራቾቹም አንዱ በ2012 ዓ.ም. መጀመሪያ ያረፈው የሙዚቃ አቀናባሪ ኤልያስ መልካ ነበር። በ2013 ዓ.ም. ቴሌብር ከተጀመረ ወዲህም ጥቂት ብር በስልክ መላክ የማይችል ደመወዝተኛ የለም ማለት ይቻላል። መንገዱ እየሰፋ ሲሄድ የሚቀረው ፈቃድ ብቻ ነው።

በተለይም በመንግሥት ሥራ ላይ ያለን ሰዎች ከሌላው ይልቅ ጥንቃቄ ይገባናል። አዋጅ እንዲከበር የምንሠራ እኛው፥ ለመሥሪያ ቤት በዓልና ለማስታወቂያ የሰውን ዜማ ሳናስፈቅድ ብናሰማ፥ ባለ ሱቁን በምን አፍ እንገሥጸዋለን? መምህራንም በትምህርት ቤት በዓል ዘፈን ሲያሰሙ ከዘፋኙ ጋር የገጣሚውንና የዜማ ደራሲውን ስም ቢጠሩ፥ ተማሪው ከብዙ ስብከት የሚበልጥ ትምህርት ያገኛል። ተማሪም ዘፈን ለጓደኛው ሲያሻግር ስሞቹን ጽፎ ቢያሻግር፥ አንድ ሳንቲም ሳያወጣ የዕዳውን የመጀመሪያ ክፍል ከፈለ።

መሣሪያው ወደፊትም ያንሳል፤ የሚሸከመውም ይበዛል። ምን ያህል ዘፈን መያዝ እንደምንችል መሐንዲሶች ይነግሩናል፤ የያዝነውን በምን ኅሊና እንደምንይዘው ግን ማንም መሐንዲስ ሊነግረን አይችልም። ይህን ለመወሰን ምስክር በሌለበት፥ ማዳመጫው በጆሮአችን ሳለ፥ እኛው ለራሳችን ዳኞች ነን።